ሳግራን በዕድሜው አትመዝኑት

በነሐሴ ወር በጣሊያን ገጠር የሚጓዝ ሰው ዓይኑ ደጋግሞ የሚያርፈው በድግስ ማስታወቂያ ላይ ነው። በዛፍ ግንድ፣ በኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ በነዳጅ ማደያ አጥር ላይ በደማቅ ቀለም የታተመ ወረቀት ተለጥፏል፤ የእንጉዳይ ሳግራ፣ የቀይ ሽንኩርት ሳግራ፣ የቀንድ አውጣ ሳግራ፣ የበግ ጥብስ ሳግራ። ሳግራ አንድ መንደር ወይም ትንሽ ከተማ በአፈሩ በሚበቅል፣ በመስኩ በሚረባ ወይም ከባሕሩ በሚወጣ አንድ ነገር ስም በየዓመቱ የሚደግሰው ድግስ ነው። መነሻው ሃይማኖት ነው፤ እኛ ዘንድ ታቦት ሲነግሥ አገሬው እንደሚሰበሰበው ሁሉ፣ እነርሱም የደብራቸውን ጠባቂ ቅዱስ ቀን ጠብቀው ይሰበሰቡ ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ ቅዱሱ ወደ ዳር ተገፍቶ መሀሉን ድስት ይዞታል።

የቱሪዝም ቢሮዎች ስለ እነዚህ በዓላት ሲጽፉ «ከጥንት ጀምሮ» የምትለውን ሐረግ አይተዉም። የእኔም ክርክር ከዚህች ሐረግ ጋር ነው። ከስመ ጥሮቹ ሳግራዎች ብዙዎቹ የአንድ አዛውንት ዕድሜ ቢያህሉ ነው። ከሮም በስተደቡብ ባሉት ኮረብቶች ላይ የምትገኘውን ማሪኖን እንውሰድ። በመስከረም መገባደጃ ከአደባባዩ ምንጭ ውኃ ሳይሆን ወይን ጠጅ ይፈሳል። ይህ ሳግራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ አስጀማሪውም ሊዮኔ ቺፕሬሊ የተባለ ገጣሚ ነበር። በ2008 የቧንቧ ሠራተኞች መስመር ተሳስተው ወይን ጠጁ በምንጩ መፍሰሱ ቀርቶ በሰዎች ቤት ቧንቧ ወረደ፤ ቅሬታ ያቀረበ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ጎረቤቷ አሪቻ የፖርኬታ፣ ማለትም በቅመም ታሽቶ ሙሉውን የሚጠበስ የአሳማ ሥጋ፣ ሳግራዋን የጀመረችው በ1950 ነው። በሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ ያለችው ካሞሊ አራት ሜትር ስፋት ባለው መጥበሻ ዓሣ መጥበስ የጀመረችው በ1952 ነው። የሲሲሊዋ ሳን ቪቶ ሎ ካፖ የኩስኩስ በዓሏን የጀመረችው ደግሞ በ1998 ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የአልባው ነው። በፒየሞንቴ ክልል ያለችው አልባ ትሩፍል በሚባለው፣ ከመሬት ሥር በሚወጣ ነጭ እንጉዳይ ትታወቃለች። እንጉዳዩን አነፍንፈው የሚያገኙት የሠለጠኑ ውሾች ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ቦታው እንዳይታወቅባቸው ሌሊት መውጣት ይመርጣሉ። ይህ ሙያ እውነትም የቆየ ነው፤ ዩኔስኮም በ2021 መዝግቦታል። የአልባው ዓመታዊ ገበያ ግን የተወለደው በ1920ዎቹ መጨረሻ ጃኮሞ ሞራ በተባለ የሆቴል ባለቤት ብልሃት ነው። ሰውየው ከተገኘው ሁሉ ምርጡን ትሩፍል ለዓለም ዝነኞች ይልክ ነበር፤ ለፕሬዚዳንት ትሩማን፣ ለቸርችል፣ ለማሪሊን ሞንሮ ልኳል። የቀረውን ሥራ ጋዜጦች ሠሩለት።

መረር ያለ ታሪክም አለ። በ1930 የሙሶሊኒ መንግሥት ብሔራዊ የወይን ፍሬ በዓል አውጆ በየከተማው እንዲከበር አደረገ። ወይን ተትረፍርፎ ዋጋው ወድቆ ስለነበር ሕዝቡ ፍሬውን እየገዛ ገበሬውን እንዲደግፍ ተፈለገ፤ በዚያውም ያጌጡት ጋሪዎችና የባህል ልብስ የለበሱት ልጃገረዶች የአገዛዙ ማድመቂያ ሆኑ። አምስት ዓመት ቆይቶ ያው መንግሥት አገራችንን ወረረ። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ሲጥልበት የአገር ምርት ብቻ ይበላ የሚለው ዘመቻ ጠነከረ፤ ከውጭ በሚገባው ሻይ ፈንታ ከቅኝ ግዛት የሚመጣው ከርከዴ የአርበኛ መጠጥ ሆኖ ቀረበ። ስለዚህ አንድ ጣሊያናዊ ስለ አካባቢው ምግብ ንጽሕናና ጥንታዊነት በስሜት ሲያወራልኝ አዳምጠዋለሁ፤ ግን በግማሽ ልቤ ነው።

በፓርማ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው የታሪክ ምሁር አልቤርቶ ግራንዲ፣ የጣሊያን ጥንታዊ ምግብ ከሚባለው ብዙው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተበጀ መሆኑን በ2023 ሲናገር አገሩ በቁጣ ተነሥቶበት ነበር። በፍሬ ነገሩ እስማማለሁ። ከእርሱ ንግግር ተነሥተው «እንግዲያው ሳግራውም ሁሉ የነጋዴ ፈጠራ ነው» ከሚሉት ጋር ግን አልስማማም። በዓሉ በ1925 ይጀመር በ1525፣ ለእኔ ለውጥ የለውም። የምጠይቀው ድስቱ አጠገብ ማን እንደቆመና የሚበላው ነገር ወቅቱ መሆን አለመሆኑን ነው።

ድስቱ አጠገብ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮ ሎኮ የሚባለው የአካባቢ ማኅበር አባል ነው። የመጀመሪያው ፕሮ ሎኮ በ1881 ፒየቬ ቴሲኖ በምትባል የትሬንቲኖ ተራራማ መንደር ተቋቋመ፤ መንደሯ ያኔ በኦስትሪያ ሥር ነበረች። ዛሬ ማኅበራቱ ከ6,000 በላይ ናቸው፤ በ1962 የተመሠረተ ብሔራዊ ኅብረትም አላቸው። አባላቱ ደመወዝ አይከፈላቸውም። አመሻሽ ላይ ወደ ሳግራው ሜዳ ብትገቡ ረጃጅም ጠረጴዛዎችና አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረው፣ ወረቀት ተነጥፎባቸው ታያላችሁ። መግቢያው ላይ አንድ ጡረተኛ ገንዘብ ይቀበላል። የምትበሉትን በቅጽ ላይ አመልክታችሁ ከከፈላችሁ በኋላ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥራችሁ በድምፅ ማጉያ እስኪጠራ ከማታውቁት ቤተሰብ ጋር ትከሻ ለትከሻ ትቀመጣላችሁ። ከድንኳኑ ጀርባ ፀጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ እናቶች ሊጥ ይዳምጣሉ፤ የመንደሩ ወጣቶች ሳህን ያመላልሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ትራክተር ሲነዳ የዋለው ሰው ከፍሙ ፊት ቆሞ ሥጋ ያገላብጣል። ከእራት በኋላ አኮርዲዮኑ ይጀምርና ሽማግሌዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደንሳሉ። ትርፉ ለእግር ኳስ ሜዳው መብራት ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይውላል። እዚያ የሚበላው ነገር ከምግብ ቤቱ ይበልጣል ብዬ አልከራከርም፤ አንዳንዴ ፓስታው ከመጠን በላይ ይበስላል። ለእኛ ጿሚዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የሳግራው ድምቀት ጫፍ የሚደርሰው ካቶሊኮች የማርያምን ዕርገት በሚያከብሩበት ኦገስት 15 ሰሞን ነው፤ እኛ ያኔ ፍልሰታን እየጾምን ነው። በሮምና በሚላኖ የሚኖር ጿሚ ሐበሻ አገር ምድሩ በጥብስ ሲታጠን አፍንጫውን ይዞ ያልፋል።

የሳግራው ሰዎች ምን እንደሚይዙና ምን እንደሚያጡ የታየው በአማትሪቼ ነው። ከተማዋ በአሳማ ጉንጭ ሥጋ፣ በበግ ወተት አይብና በቲማቲም የሚሠራው የአማትሪቻና ስጎ አገር ናት። ነዋሪዎቿ ነጭ ሽንኩርት እንዳይነካው ይላሉ፤ በ2015 አንድ ዝነኛ የቴሌቪዥን ሼፍ ነጭ ሽንኩርት እጨምራለሁ ቢል ማዘጋጃ ቤቱ መግለጫ አወጣበት። ቲማቲም ራሱ ግን ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ስጎው የሮም ምግብ ነው ቢባልም ከተማዋ እስከ 1927 ድረስ የአብሩዞ እንጂ የሮም ክልል አካል አልነበረችም። ኦገስት 24 ቀን 2016፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። 50ኛው የአማትሪቻና ሳግራ ሊከበር የቀረው ሦስት ቀን ነበር። በአካባቢው 299 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በዚያችው ከተማ ነበሩ፤ የነሐሴ እረፍታቸውን ሊያሳልፉ ከሮም የመጡም አሉባቸው። ከዚያ በኋላ በጣሊያንም በውጭ አገርም ያሉ ምግብ ቤቶች ከሚሸጡት ከእያንዳንዱ የአማትሪቻና ሳህን 2 ዩሮ ለተጎጂዎች ማዋጣት ጀመሩ። ያን ጊዜ የስጎውን ዕድሜ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ወቅትን በተመለከተ ግን ጠንከር እላለሁ። በአፔኒን ተራሮች ውስጥ ያለችው ማራዲ በጥቅምት እሑዶች ቼስትነት የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ሳግራ ታደርጋለች። ፍሬው ለገና ሰሞን መክሰስ ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። በእነዚያ ተራሮች ስንዴ እንደ ልብ ስለማይበቅል ድሃው ቼስትነቱን በድንጋይ ጎጆ ውስጥ በቀስታ እሳት ለሳምንታት ያደርቀው፣ ይፈጨው፣ የብርዱን ወራት በዱቄቱ ይወጣው ነበር፤ ዛፉንም የዳቦ ዛፍ ይለው ነበር። በ2002 ፒየሞንቴ ውስጥ ከእስያ የገባች ትንሽ ተርብ ተገኘች፤ በዛፉ እምቡጥ ውስጥ እንቁላሏን እየጣለች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመላ አገሪቱ የፍሬውን ምርት ክፉኛ ጎዳችው። መላው የተገኘው ተርቧን የሚያጠቃ ሌላ የእስያ ተርብ በማምጣት ነው፤ ምርቱም ቀስ በቀስ አገገመ። በዓሉ ከዛፉ ጋር የታሰረ ስለሆነ የዛፉ ሕመም የከተማው ሁሉ ጉዳይ ይሆናል። ወቅቱን የሚጠብቅ ሳግራ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ወቅቱን የማይጠብቀውስ? በሲሲሊ፣ በኤትና ተራራ ሥር ያለችው ብሮንቴ ፒስታቺዮ በሚባለው አረንጓዴ የዛፍ ፍሬዋ የታወቀች ናት። ዛፉ የሚለቀመው በሁለት ዓመት አንዴ፣ በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት ነው፤ በመሀሉ ያለውን ዓመት እንዲያርፍ ይተዉታል። ሳግራው ግን በየዓመቱ ይደረጋል። በሙሉ ቁጥር ዓመት እዚያ ሄዶ አይስክሬም የሚልስ ሰው ምን እየላሰ እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል። ይህም ቢሆን ከሌሎቹ ይሻላል፤ ብሮንቴ ቢያንስ ዛፉ አላት። ከባሕር ርቀው በሜዳ ላይ ካላማሪ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ከማቀዝቀዣ አውጥተው እየጠበሱ የዓሣ ሳግራ የሚሉ፣ ወይም የስፔን ፓኤያና የጀርመን ቢራ ይዘው በመንደር በዓል ስም የሚነግዱ አሉ። የምግብ ቤት ባለቤቶች ማኅበራት ዓመቱን ሙሉ ግብርም ደመወዝም ስለሚከፍሉ በነዚህ ላይ ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው። የሚሳሳቱት እውነተኛውን የመንደር ድግስም ከእነዚህ ጋር አብረው ሲከሱት ነው። አንዳንድ ክልሎች ደንብ አውጥተዋል፤ የፕሮ ሎኮ ኅብረቱም ለሚገባቸው ሳግራዎች የጥራት ምልክት መስጠት ጀምሯል።

የመንደሩን ድግስ የጎዳው ግን ከሁሉ በላይ ያልታሰበ ነገር ነው። ጁን 3 ቀን 2017 በቱሪን ሳን ካርሎ አደባባይ የዩቬንቱስንና የሪያል ማድሪድን ጨዋታ በትልቅ ስክሪን ሲከታተል የነበረ ሕዝብ ደንግጦ ሲሯሯጥ ከ1,500 በላይ ሰዎች ተጎዱ፤ ሕይወታቸው ያለፈም ነበሩ። በቀናት ውስጥ የአገሪቱ ፖሊስ አዛዥ ፍራንኮ ጋብሪዬሊ ጥብቅ የደኅንነት መመሪያ አወጣ፤ አጥር፣ የመውጫ በር ዕቅድ፣ የሠለጠኑ ጠባቂዎች። ለአሥር ሺዎች የታሰበው መመሪያ 200 ሰው ሽምብራ ሾርባ ለሚጠጣበት አደባባይም ተጠየቀ፤ የደኅንነት ወጪውን መሸፈን ያልቻሉ በርካታ ትንንሽ ሳግራዎችም ተሰረዙ። ነጋዴው የባለሙያ ክፍያውን ከቢራው ትርፍ ይሸፍናል። ሊጥ የሚዳምጡት እናቶች ግን ከየት ያመጣሉ? ያ መመሪያ በኋላ ላላ ቢልም፣ የተቋረጠ ድግስ እንደገና ለማስነሣት ዕድሜያቸው በገፋ በጎ ፈቃደኞች እጅ ቀላል አይደለም።

ሥልጣኑ ቢኖረኝ የደኅንነት ግዴታውን በሕዝቡ ብዛት ልክ አደርገው ነበር። የምርቱንም ስም የሚሸከመው በምርቱ ወቅት የሚደረግና ምርቱን ከዚያው አካባቢ የሚያመጣ ድግስ ብቻ እንዲሆን እደነግግ ነበር፤ ሌላው ገበያ ተብሎ ይነግድ፣ ግብሩንም እንደ ገበያ ይክፈል። ለብሮንቴ በሙሉ ቁጥር ዓመታት አስተያየት አደርግላታለሁ፤ ማስታወቂያው ላይ «ፍሬው ያለፈው ዓመት ነው» ብላ ብትጽፍ የሚቀርባት ገዢ ያለ አይመስለኝም።