ፋውንቴኑን የሚያቆየው የጥገናው ገንዘብ ነው

በቺካጎ ግራንት ፓርክ ስለሚገኘው የቡኪንግሃም መታሰቢያ ፋውንቴን የቀረበው ጽሑፍ አስደስቶኛል፤ አንድ ትልቅ ነገር ግን ተዘሎበታል። ኬት ቡኪንግሃም እ.ኤ.አ. በ1927 ለተመረቀው ፋውንቴን የሰጠችው የማሠሪያውን ወጪ ብቻ አይደለም። የወንድሟ የክላረንስ መታሰቢያ በገንዘብ እጦት እንዳይደርቅ 300 ሺህ ዶላር ለጥገና ለይታ አስቀምጣለች።

ልጄን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ ቦታውን አይቼዋለሁ። በገንዳው ውስጥ አራት ጥንድ የነሐስ የባሕር ፈረሶች አሉ፤ የሚቺጋን ሐይቅ የሚያዋስናቸውን አራት ግዛቶች ይወክላሉ። ነሐሱ ከዘመን ብዛት አረንጓዴ ለብሷል። ሰዓቱ ሲሞላ የመሐሉ ውሃ እስከ 46 ሜትር ይወረወራል፤ ነፋስ ከተነሣ ጠብታው ፊት ላይ ያርፋል፣ ሕፃናቱም ይንጫጫሉ። ውሃው ያው ተመልሶ የሚዞር ነው፤ ይባክናል ብሎ የሚሰጋ ካለ ልቡ ይረፍ።

እዚህ ሐዋሳ በማልፍበት አንድ አደባባይ ያለው ፋውንቴን ግን ገንዳው ደርቆ የፕላስቲክ ጠርሙስና ቅጠል ታቅፏል። ሲመረቅ ጭብጨባው ደምቆ ነበር፤ ፓምፑ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። አንጀቴን ይበላኛል! ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ወጥቶ ነፋስ የሚቀበል ሕዝብ ላለው ከተማ ይህ አይገባውም። መታሰቢያ ለማሠራት የምታስቡ ባለሀብት ወገኖቼ፣ የጥገናውን ገንዘብ ከግንባታው ጋር አብራችሁ ባንክ አስቀምጡ፤ በየዓመቱ የወጣውም ለነዋሪው በግልጽ ይነገር።