ባቢሌን በረፋድ መጎብኘት ይቅር

ከድሬዳዋ ጠዋት 2 ሰዓት ተነስቶ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ ሐረር ቁርስ በልቶ ባቢሌ የዝሆን መጠለያ ሲደርስ ረፋዱ 5 ሰዓት የሚሆንበት ጎብኚ ዝሆን ሳያይ ቢመለስ ሊገረም አይገባም። ሐረር ላይ ማታ ጅብ ሲቀለብ ያየ ሰው ዝሆኑም ተጠርቶ የሚመጣ ይመስለዋል። «ባቢሌ ዝሆን አልቋል» የሚለው ወሬ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። በ1962 ዓ.ም. የተከለለው መጠለያ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ዝሆኖቹም ወቅት እየጠበቁ ከሸለቆ ሸለቆ ይዘዋወራሉ። የግማሽ ቀን ጉብኝት የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ልማድ ቢተዉት ለሁላችንም ይበጃል።

ምክንያቱ የፀሐይ ጉዳይ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ዝሆኖች ጥቅጥቅ ካለ ጥላ ገብተው ጆሯቸውን እያራገቡ ጸጥ ብለው ይቆማሉ። በግራርና በእሾሃማ ቁጥቋጦ መሀል በ20 ሜትር ርቀት የቆመ ዝሆን ላይታይ ይችላል። እኩለ ቀን ላይ የሚገባ ሰው ታዲያ ሳያያቸው አጠገባቸው ሊደርስ ይችላል። ግልገል የያዘች እናት ከሆነች ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። የባቢሌ ዝሆን በአዳኝ ጥይት ብዙ ወገኑን ያጣ ስለሆነ ሰውን በበጎ አያይም።

ስለዚህ ሐረር ወይም ባቢሌ ከተማ ማደር ያስፈልጋል። ከተማዋ ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። ስካውቱን (መንገድ መሪ የሆነውን የመጠለያውን ጠባቂ) ከዋዜማው ከመጠለያው ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ፣ የመንገዱንም ጸጥታ እዚያው ጠይቃችሁ፣ 12 ሰዓት ሲል በእግር መንገድ ጀምሩ። ፋንድያው ውስጡ እርጥብና ለብ ያለ ከሆነ፣ የተገመጠው በለስ ቁልቋልም ገና ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ መንጋው ሩቅ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር ነፋስ ነው። ዝሆን ከማየቱ ይልቅ ማሽተቱ ይበረታል። ደቃቅ አፈር በጣት ቆንጥራችሁ ልቀቁት፤ ብናኙ ወደ እናንተ ከመጣ ጥሩ፣ ወደ ዝሆኑ ከሄደ ግን ዙሩ ወይም ተመለሱ። ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ ከፍ ስትል ነፋሱ አቅጣጫ ስለሚቀይር ደጋግማችሁ ፈትሹ። ሽቶ አትቀቡ፤ ነጭና ቀይ ልብስም ይቅር። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ ያዙ። ከ5 ሰው በላይ ሆኖ መግባት ለኮሽታ ነው።

ዝሆኑ ጆሮውን ዘርግቶ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ኩንቢውን ካነሳ አውቋችኋል ማለት ነው፤ ፊታችሁን ሳታዞሩ በዝግታ ወደ ኋላ ሽሹ። ሮጦ የሚያመልጠው ሰው የለም። ስካውቱ «እዚህ ይበቃል» ካለ ይበቃል። ለፎቶ ብሎ ጥቂት እንጠጋ እያሉ፣ ጉርሻ እያሳዩ እሱን መጫን ነውር ነው፤ ጠመንጃውን እንዲተኩስ የሚያስገድደውም ይህ ነው።

እስከ 4 ሰዓት ካልተገኙ ፍለጋውን አቁማችሁ በጅግጅጋ መንገድ ወደ ዳካታ ሸለቆ ዝለቁ፤ አንዱ በአንዱ ላይ የተደገፉትን ቋጥኞች ለማየት ረፋድም ይሆናል።