ማስተካከያ፦ ሲሊያክ ላለበት ሰው በሶ አይሆንም

ባለፈው ስለ ሲሊያክ (እንደ ስንዴና ገብስ ባሉ እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) በወጣው ጽሑፍ ላይ፣ የከሳ ሰው ኪሎ እንዲጨምር በሶና የአጃ አጥሚት ይጠቅሙታል ተብሎ ነበር። ይህ ይታረም። በሶ ገብስ ነው፤ ገብስ ደግሞ እንደ ስንዴ ሁሉ ሲሊያክ ያለበትን ሰው አንጀት ይጎዳል። ቢቆላም፣ ቢፈጭም፣ በማር ቢታሽም ያው ነው። አጃ በራሱ ብዙዎችን አይጎዳም። ግን ከማሳ እስከ ወፍጮ ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚነካካ፣ «ከግሉተን ነፃ» የሚል ካልተጻፈበት ይቅር።

በምትኩ ቡላ አለላችሁ። ለአራስ እንደሚሠራው ዓይነት፣ ቅቤ ጠጥቶ የሚያብለጨልጭ የቡላ ገንፎ! ከእንሰት ስለሚገኝ ግሉተን የለውም። የንጹህ ጤፍ ገንፎም ይሆናል። «ንጹህ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ በተለይ አሜሪካ የሚሸጥ እንጀራ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይገባበታል። ሻጩን ስትጠይቁ እርሾውንም አትርሱ።

ሌላው፣ «ግሉተን የተወ ሰው ይከሳል» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ይሆናል። አንጀቱ ሲያገግም ምግቡን በደንብ መምጠጥ ስለሚጀምር ኪሎ ይጨምራል። ለከሳ ሰው እሰየው ነው። ነገር ግን በሽታው ሲታወቅ ወፍራም የነበሩም ጥቂት አይደሉም። እነሱ ከግሉተን ነፃ ብስኩትና ኬክ ባያዘወትሩ ይሻላል፤ ብዙዎቹ ፋይበራቸው ትንሽ፣ ስኳርና ስባቸው ብዙ ነው። ለመቀነስ ብሎ ወደ ስንዴ መመለስማ አይታሰብም።

ግሉተን ትቶም መክሳቱ ያላቆመ ሰው ሐኪም ዘንድ ይመለስ። ሳያውቀው የሚበላው ግሉተን ወይም የታይሮይድ ችግር ሊኖር ይችላል።