ባቡሩ መሪው የታል?

ትንንሽ ልጆች ይዞ ሙዚየም መግባት ፈተና ነው። አንድ ጊዜ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ አንድ ሙዚየም ገብቼ ነበር። ከመግቢያው እስከ መውጫው የሰማነው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «አትንኩ!»። የሰባት ዓመቱ ልጄ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወጣ። የአራት ዓመቷ ደግሞ ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላን «ሽንቴ መጣ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሙዚየም የሚል ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል።

ድሬዳዋ ዘመድ ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ ታዲያ ሙዚየም የሚለውን ቃል አልተነፈስኩም። «ባቡር እናያለን» ብቻ አልኩ። በጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለው የድሮው ምድር ባቡር ጣቢያ ወሰድኳቸው። በር ላይ ጠየቅን። አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ሊያስጎበኙን መጡ። ሽማግሌው እንደ ድሮ ሸመንደፈሮች (የምድር ባቡር ሠራተኞች) ንግግራቸው መሃል ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ። ልጆቹ ወዲያው «አባባ» አሏቸው።

አንድ የቆመ ባቡር ላይ አወጡን። ልጄ የሾፌሩ ቦታ ተቀመጠ። ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ «መሪው የታል?» አለ።

እውነቱን ልናገር፣ ይሄን ጥያቄ እኔም ጠይቄው አላውቅም። አባባ ሳቁና ከባቡሩ አውርደው ጎማው ሥር አስቀመጡት። የብረቱ ጎማ በውስጥ በኩል ወጣ ያለ ከንፈር አለው። «እጅህን አምጣ» አሉት። ከንፈሩን በጣቱ አስዳሰሱት። ከንፈሩ ሐዲዱን ከውስጥ ታክኮ ይሄዳል፤ ባቡሩን ከመስመር እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። ሾፌሩ መሮጥና መቆም እንጂ መዞር አያውቅም። ቀጥለው አሸዋ የሚሞላበትን ሣጥን አሳዩት። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ይንሸራተታል። ያኔ ሾፌሩ ከጎማው ፊት አሸዋ ይረጫል። ልጄ እስከ ማታ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ «ባቡር አሸዋ እንደሚበላ ታውቃለህ?» ሲል ዋለ።

ትንሿ ግን የራሷን ሥራ ይዛ ነበር። ሣር የበቀለበት፣ ባቡር ካለፈበት ዓመታት የሆነው ሐዲድ መሃል ገብታ ተጋደመች። (እናቷ ይሄን ባታነብ ይሻላል።) ጭንቅላቷ አንዱን ብረት፣ እግሯ ሌላውን ነካ። «እኔን ያክላል!» አለች። በትክክል ነው ያለችው። የድሮው መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። የአራት ዓመት ልጅም አንድ ሜትር ገደማ ናት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ እሱን ለመሙላት ስድስት ሰባት ዓመት ታድጋለች ማለት ነው። መስመሩ ለምን እንደጠበበም አባባ ነገሩን። ጠባብ ሐዲድ ወጪው ይቀንሳል፣ ተራራ ላይ ጠበብ አድርጎ መዞርም ይችላል። ባቡሩ ከጅቡቲ ባሕር ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ ነበር አዲስ አበባ የሚገባው።

ታሪኩም እንዲህ በወሬ በወሬ ገባላቸው። ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ ኢንጂነር ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። መንገዱ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር። ተራራው ግን ከባድ ሆነ፣ ገንዘቡም አልቻለም። ስለዚህ ባቡሩ ሐረርን ትቶ ከተራራው ግርጌ አለፈ። በ1895 ዓ.ም. የቆመበት ሜዳ ላይ ከተማ በቀለ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር፤ ዛሬ ድሬዳዋ ናት። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ቆየ። ለልጄ ይሄን ሁሉ ዓመት ብቆጥርለት አይሰማኝም። «ባቡሩ ተራራው ስለከበደው የተወለደች ከተማ ናት» ስለው ግን ቀና ብሎ ተራራውን አየው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። የባቡር ሙዚየም ይሠራ ሲባል ቶሎ ወደ ሕንፃና ወደ መስታወት ሣጥን እንሮጣለን። ለትንንሽ ልጆች የሚያስፈልገው የሚዳሰስ ብረትና ብረቱን የሚያውቅ ሽማግሌ ነው። ድሬዳዋ ሁለቱም አሏት። ቶርኖው (የብረት መቅረጫ ማሽኑ)፣ ፉርጎው፣ ሊቶሪናው (ባለ ሞተሩ የመንገደኛ ባቡር) እዚያው ነው። ብረቱ ደግሞ ይታገሳል። ጎማ ሲያጠብቁ፣ ሞተር ሲፈቱ የኖሩት ሰዎች ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው። በሳምንት ሁለት ጠዋት በሩ ለልጆች ይከፈት። ጡረተኞቹም እያስጎበኙ ይከፈላቸው። በነጻ አገልግሉን ማለት ነውር ነው።

«ልጆች ያበላሹታል» የሚል አይጠፋም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎልማሳ ሲጎትተው የኖረ ማንሻ በሰባት ዓመት ልጅ እጅ አይሰበርም። የድሮው ትኬት፣ ፎቶው፣ መዝገቡ ይቆለፍበት፤ እሱስ እውነት ነው። የሚያሳስበኝ የልጆቹ ደህንነት ነው። ዝገት ይቆርጣል፣ የተፈታ መወጣጫ ይጥላል። ሁሉንም መክፈት አያስፈልግም። ሁለት ባቡር ይጠረግ፣ መወጣጫው ይጥበቅ፣ ሌላው ከሩቅ ይታይ። እንግሊዝ አገር ዮርክ ያለው የባቡር ሙዚየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር የሮጠው የእንፋሎት ባቡር፣ ማላርድ፣ ይገኛል፤ መግቢያው በነጻ ነው። ዮርክን እናክል አላልኩም። ሁለት ባቡር ነው ያልኩት።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከለገሃር ጀምሩ። የ1922 ዓ.ም.ቱን የባቡር ጣቢያ ከውጭ ማየት ብቻ ለልጅ ብዙ አይጥመውም። ፊት ለፊቱ ያለው የአንበሳ ሐውልት ግን ይበቃል። ጣሊያን ሮም ድረስ ወስዶት እንደነበረና እንደተመለሰ ንገሯቸው፤ ቀሪውን ጥያቄ ራሳቸው ያመጡታል።

እና ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዩ። እኛ ሃምሳ ደቂቃ ቆየን። ስንወጣ ሙቀቱ ጀምሮ ነበር። በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ፣ ሙሸበክ፣ ገዛሁላቸው፤ ዘይት በነካ እጃቸው ሸሚዜን ጨረሱት።

ቤት በተመለስን ማግስት ትንሿ ሳሎን ውስጥ ጠፋችብኝ። ስፈልጋት ምግብ ጠረጴዛው ሥር ተጋድማ፣ በጭንቅላቷ አንዱን እግር፣ በእግሯ ሌላውን ለመንካት ትታገላለች። «አይደርስም» አለችኝ። «ይሄ የአዲሱ ባቡር ነው።»