ኢቫ ስሚዝን ማየት ነበረብን?

ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ የጻፈው «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» የተሰኘው የእንግሊዝ ተውኔት ኢቫ ስሚዝ ስለምትባል ወጣት ሠራተኛ ሞት የሚያወሳ ሆኖ ሳለ፣ ኢቫ ራሷ አንድም ጊዜ መድረክ ላይ አትወጣም። ቢቢሲ በ2015 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለቴሌቪዥን ባቀረበው ፊልም ግን ተዋናይት ሶፊ ረንድል ኢቫን ሆና ከፊታችን ቆማለች። ፊልሙን ካዩት ሰዎች የሚሰማው ምስጋናም በአብዛኛው በዚህ ላይ ያረፈ ነው፤ በስም ብቻ የምትታወቀው ልጅ ፊትና ድምፅ አገኘች፣ ሐዘኗም ልባችን ውስጥ ገባ ይላሉ። እኔ ደግሞ ተመልካቹ ያመሰገነው ይኸው ነገር የተውኔቱን ዋና ምሰሶ ነቅሎታል ባይ ነኝ።

ታሪኩ በ1912 ብረምሊ በምትባል ልብ ወለድ የፋብሪካ ከተማ፣ በአንድ ምሽት፣ በአንድ የራት ክፍል ውስጥ ያልቃል። ባለፋብሪካው አርተር በርሊንግ የልጁን የሺላን መታጨት ምክንያት በማድረግ ራት አብልቶ፣ ጦርነት የሚባል ነገር እንደማይመጣና ታይታኒክ ፈጽሞ እንደማትሰምጥ ሲያስረዳ ከቆየ በኋላ፣ ጉል የተባለ መርማሪ ደጁን አንኳኩቶ ይገባል። አንዲት ልጅ መርዝ ጠጥታ ሞታለች። በርሊንግ ደመወዟ ከ22 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ወደ 25 ሽልንግ እንዲያድግላት አድማ በመምታቷ አባሯታል፤ ሺላ በቅናት ከሱቅ ሥራዋ አስነቅላታለች፤ የሺላ እጮኛ ጄራልድ ለጥቂት ወራት አኑሯት ትቷታል፤ ወንድ ልጁ ኤሪክ አስረግዟታል፤ እመቤቲቱ ደግሞ ከምትመራው የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ባዶ እጇን ሸኝታታለች።

አሁን አንድ ትንሽ ነገር ልብ ይሏል። መርማሪው የልጅቷን ፎቶግራፍ የሚያሳየው በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው እንዳያይ ይከለክላል። ከሄደ በኋላ ጄራልድ ሲያጣራ በከተማዋ ፖሊስ ውስጥ እንዲህ ያለ መርማሪ እንደሌለ ይደርስበታል፤ ከዚያም፣ ሁላችንም ያየነው አንድ ፎቶግራፍ ስለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለን ብሎ ይጠይቃል። ምናልባት ልጅቷ አንዲት ሳትሆን አራት ወይም አምስት ናት። ወደ ሆስፒታሉ ሲደወልም በዚያ ምሽት መርዝ ጠጥታ የመጣች ሴት እንደሌለች ይነገራል። ቤተሰቡ እፎይ ይላል፣ ብርጭቆ ይነሣል።

በቲያትር ቤት የተቀመጠ ሰው በዚህች ቅጽበት የሚሆነው ነገር ነው የፕሪስትሊ ጥበብ። ተመልካቹም ቢሆን ልጅቷን አላየም፤ የሰማው ወሬ ብቻ ነው። ስለዚህ የጄራልድ ጥያቄ ለእርሱም እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ሳያስበው ከበርሊንግ ጋር አብሮ ትንሽ ይተነፍሳል። ሺላ ብቻ፣ አንዲት ትሁን አምስት፣ የሠራነው ያው የሠራነው ነው ብላ ትቆማለች፤ እፎይታውን የቀመሰ ተመልካችም ያፍራል። ስልኩ የሚጮኸው ያኔ ነው፤ አንዲት ልጅ አሁን መርዝ ጠጥታ ሞታለች፣ መርማሪም ወደ እናንተ እየመጣ ነው ይላል።

በፊልሙ ግን በእያንዳንዱ ትዝታ ውስጥ የምናየው የረንድልን ፊት ነው። በፋብሪካውም እርሷ፣ በሱቁም እርሷ፣ በኮሚቴው ፊትም እርሷ። ጄራልድ ጥያቄውን ሲያነሣ መልሱን እኛ ቀድመን እናውቀዋለን፤ ሰውየው ከዕዳ ለማምለጥ የሚፍጨረጨር ከመሆን አያልፍም፤ እኛም ከሶፋችን ሆነን በንጹሕ ልብ እንፈርድበታለን። ተውኔቱ ከሁሉ አስቀድሞ የነፈገን ይህንኑ ምቾት ነበር። መርማሪው ሲሰናበት ብዙ ሚሊዮን ኢቫ ስሚዞችና ጆን ስሚዞች ገና እንዳሉ መናገሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስሚዝ በእንግሊዝ አገር እጅግ የተለመደ ስም መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ያን ሁሉ ሕዝብ በአንዲት መልከ መልካም ተዋናይት ሲወክሉት፣ ነገሩ የአንዲት ልጅ ክፉ ዕጣ ይሆንና እንባችንን ጠርገን እንተኛለን።

ጥፋቱ የዘንድሮ ትውልድ ነው እንዳንል፣ ጋይ ሃሚልተን በ1954 ያዘጋጀው ፊልምም ኢቫን በጄን ዌንሃም አማካይነት አሳይቶናል። (ያ ፊልም በዚህ ሳይበቃ ጉልን «ፑል» ብሎ ስሙን ለውጦታል። «ጉል» ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ፣ ሬሳ የሚበላ መንፈስ መጠሪያ ሆኖ ሳለ፣ ይህን የመሰለ ጨዋታ ለምን እንደጣሉት አይገባኝም።) ካሜራ ሰባት የማይሞሉ ሰዎችን በአንድ ክፍል ውስጥ እያየ አንድ ሰዓት ተኩል መቀመጥ የሚከብደው ይመስላል።

ስለ ሌላው ቅሬታ ብዙ አልልም። በቢቢሲው ፊልም ዴቪድ ቲውሊስ የሠራው መርማሪ ቀጭንና ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ግርማ ሞገስ ይጎድለዋል የሚሉ አሉ። ፕሪስትሊ ራሱ መርማሪው ግዙፍ ሰው መሆን እንደማያስፈልገው፣ ሲገባ ግን የክብደት ስሜት መፍጠር እንዳለበት ጽፏል፤ ቲውሊስ ዝም ብሎ ሲያይ ያ ክብደት አለ። የተማሪዎቹ ነገር ግን ያሳስበኛል። ተውኔቱ በእንግሊዝ የ16 ዓመት ልጆች ለሚቀመጡበት ፈተና የሚጠና በመሆኑ፣ እዚያ የሚያድጉ የእኛ ልጆችም ያገኙታል፤ መጽሐፉን ትቶ ፊልሙን ያየ ልጅ ስለ ኢቫ ፊት በፈተና ወረቀቱ ላይ ቢጽፍ፣ የጻፈው ፕሪስትሊ ስላልጻፈው ነገር ነው።

ድሆቹን ማሳየት አይቻልም ማለቴ አይደለም። ስቲቨን ዳልድሪ በ1992 በለንደን ናሽናል ቲያትር ባቀረበው ዝግጅት የበርሊንጎችን ቤት በቋሚዎች ላይ ሰቅሎ፣ ከበታቹ በጎዳናው ላይ ዝም ብለው የሚመለከቱ ብዙ ሰዎችን አቁሟል። ከመካከላቸው ኢቫ የትኛዋ እንደሆነች የሚነግረን የለም።

ካሜራ የግድ ማየት ካለበትም መላ አይጠፋም። ለፋብሪካው አንዲት ተዋናይት፣ ለሱቁ ሌላ፣ ለጄራልድ ሌላ፣ ለኤሪክ ሌላ፣ ለኮሚቴው ሌላ፤ የፀጉራቸው ቀለምና ቁመታቸው የሚቀራረብ፣ ፊታቸው በጥላ የሚሸፈን። ያኔ የቤቱ ተመልካች ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ልክ እንደ ጄራልድ ያየውን ፊት ወደ ኋላ ተመልሶ መቁጠር ይጀምር ነበር፤ ስልኩም ቆጥሮ ሳይጨርስ ይጮህበት ነበር።