ሙዚቀኛውን አሰናብታችሁ «ኖስፌራቱ»ን አታሳዩን

በምኖርባት የአሜሪካ ከተማ የሚገኝ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት በየዓመቱ ኦክቶበር ሲያልቅ ድምፅ አልባ አስፈሪ ፊልም ያሳያል። ከስክሪኑ ሥር ተቀምጦ ፊልሙን የሚያጅብ የኦርጋን ተጫዋችም ነበረው። ዘንድሮ ተጫዋቹ ቀርቶ «ኖስፌራቱ» የተባለው የጀርመን የደም መጣጭ (ቫምፓየር) ፊልም በተቀዳ ሙዚቃ እንደሚታይ ተነግሮናል። የቲኬቱ ዋጋ ግን ያው ነው። ከውሳኔው ይልቅ ያንገበገበኝ የተሰጠው ምክንያት ነው። ፊልሙ ሲሠራ ድምፅ ስላልነበረው ሙዚቀኛው ኋላ የመጣ ጌጥ ነው፣ ተመልካቹም ልዩነቱን አይለየውም ተባልን።

ኋላ የመጣ? ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1922 በርሊን ውስጥ፣ በከተማይቱ መካነ አራዊት አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ሃንስ ኤርድማን ለእርሱ ብሎ የደረሰውን ሙዚቃ ኦርኬስትራ እየተጫወተለት ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1921 «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» የተባለው ሌላ ድምፅ አልባ የጀርመን አስፈሪ ፊልም ኒው ዮርክ ሲገባ የካፒቶል ቲያትር ኦርኬስትራ የሙዚቃ ደራሲዎቹን የሾንበርግንና የስትራቪንስኪን ሥራዎች ሳይቀር አቀናብሮ አጅቦታል። በትንንሾቹ ሲኒማ ቤቶች እንኳ አንድ ፒያኖ አይጠፋም ነበር። ዉርሊትዘር የተባለው ኩባንያ ኦርጋኖቹን ለሲኒማ ቤቶች የሸጠው ለጌጥ አልነበረም።

ይባስ ብሎ ማስታወቂያቸው የተቀዳው ሙዚቃ የፊልሙ የመጀመሪያ ሙዚቃ ነው ይላል። ሙዚቃው ኋላ የተጨመረ ከሆነ የመጀመሪያው ከየት መጣ? የኤርድማን ሙሉ ኖታ እኮ ጠፍቷል። በእጃችን ያለው ራሱ ያሳተመው የተወሰነ ክፍል ነው፤ ሌላው በዘመናችን ባለሙያዎች ግምት የተሞላ ነው።

ዋናው ነገር ግን ፍርሃት ነው። ፍርሃት የሚሠራው በጊዜ ልክ ነው፤ ግማሽ ሰከንድ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ይበላሻል። የደም መጣጩ ጥላ ደረጃውን ሲወጣ፣ ጣቶቹ ወደ በሩ ሲዘረጉ አስቡት። ጎበዝ ተጫዋች እዚህ ላይ የሚያየው ስክሪኑን ብቻ አይደለም። ከጀርባው ያለውን ሕዝብ ይሰማል፤ ወንበር ሲንቋቋ፣ አንዱ ትንፋሹን ሲውጥ፣ ሌላው ሊስቅ ሲል ያውቃል። ሳቁ ከመፈንዳቱ በፊት ዝቅ ባለ ድምፅ ይይዘዋል። አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቃል፤ ማሲንቆ የያዘው ሰው ግጥሙን የሚያወጣው የፊታችንን ሁኔታ አይቶ ነው። የተቀዳ ሙዚቃ ግን አያየንም። አዳራሹ ቢሞላም ቢራቆትም፣ ብንደነግጥም ብናዛጋም፣ በዚያው ሰከንድ ላይ ያንኑ ጩኸት ይጮኻል። ተጫዋቹ እጁን ከቁልፎቹ አንስቶ ዝም ሲል ደግሞ የሚፈጠረውን ጭንቀት ማንም ቀድቶ ሊያመጣው አይችልም፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለምና።

የፊልሙን ፍጥነት ነገርማ ተዉት። ያ ዘመን ካሜራ በእጅ የሚዘወር ስለነበር ፍጥነቱ አንድ ወጥ አልነበረም። «ኖስፌራቱ» በሰከንድ 18 ምስል ቢታይ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ በ24 ቢታይ አንድ ሰዓት ከሩብ እንኳ አይሞላም። ሰው ከየትኛውም ፍጥነት ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የተቀዳ ሙዚቃ ግን ከተሠራለት የፊልም ቅጂ ውጭ ካወጡት ወዲያው ይስታል።

ገንዘብ የለም የሚሉትን እሰማለሁ። ኦርኬስትራ አምጡ ያለ ግን የለም፤ የምንጠይቀው አንድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1927 በኋላ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ሙዚቀኞች እንጀራቸውን አጥተዋል። ያኔ ቢያንስ ፊልሙ ራሱ መናገር ጀምሮ ነበር። የዛሬዎቹ ምን ምክንያት አላቸው? ፊልሙ ዛሬም አይናገርም፤ የሚናገርለትን ሰው ነው ያባረሩት። ቤቱ ተቀምጦ ለብቻው የሚያይ ሰው የተቀዳውን ይስማ፣ ሌላ አማራጭ የለውም። ገንዘብ ከፍሎ፣ ከሦስት መቶ ሰው ጋር ጨለማ ውስጥ ሊፈራ የመጣ ተመልካች ግን ተታሏል።

ልዩነቱን አይለየውም ያሉትን ተመልካች እስቲ ሁለቱንም አሰምተው ይጠይቁት። እስከዚያው ማስታወቂያውን ያርሙ፤ የቲኬቱንም ዋጋ ይቀንሱ። ኦርጋኑ አሁንም አዳራሹ ውስጥ አለ፤ ተጫዋቹም ከተማውን አልለቀቀም። ይጥሩት።