የቀለም ቆርቆሮው በማን እጅ ነበር?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የመጽሐፍ ውይይት ላይ የጆርጅ ኦርዌል «አኒማል ፋርም» ተነሥቶ ነበር፤ እንስሳት ገበሬውን አባርረው እርሻውን ከያዙ በኋላ በአሳማው ናፖሊዮንና በጓዶቹ መዳፍ ሥር ሲወድቁ የሚተርከው ልብ ወለድ። የተጋበዙት ምሁር ፍርዳቸውን ለመስጠት አልዘገዩም። «እንስሳቱን የጎዳቸው መሃይምነታቸው ነው። ፊደል ቢቆጥሩ ኖሮ ናፖሊዮን አይጫወትባቸውም ነበር» አሉ። ከዚያ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለው ተረቱበት። አዘጋጁ «ግሩም አባባል!» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። እኔ ሻዬን አስቀምጬ ሬዲዮኑ ላይ አፈጠጥኩ።

እኚህ ሰው መጽሐፉን አንብበውታል? ወይስ እንደ ብዙዎቻችን ወሬውን ነው የሰሙት?

እዚያ እርሻ ላይ እኮ አንባቢ አልጠፋም። ውሾቹ ያነባሉ። ፍየሏ ሙሪየል ከቆሻሻ ክምር የለቀመችውን የጋዜጣ ቁራጭ ማታ ማታ ለሌሎቹ ታነብላቸው ነበር። አህያው ቤንጃሚን ደግሞ ከየትኛውም አሳማ አያንስም፤ የሚነበብ ቁም ነገር የለም ብሎ ነው የተወው። እሺ፣ ፈረሱ ቦክሰር ከአራተኛዋ ፊደል አላለፈም፤ ዶሮዎቹና በጎቹም የመጀመሪያዋ ላይ ቀርተዋል። ይህን እሰጣቸዋለሁ። ከዚህ በላይ ግን አምስት ሳንቲም አልጨምርም።

ደግሞ የተረቱት ተረት ራሱ ያጋልጣቸዋል። «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።» አዎ፣ ይወረሳል! የ1967 ዓ.ም. አዋጆችን ያየ ሰው ይህን ቃል በሁለት ጆሮው ነው የሚሰማው። ቤት ከአባት ይወረሳል፤ ቤት በመንግሥትም ይወረሳል። የእንስሳቱ ጽሑፍ የተወረሰው በሁለተኛው መንገድ ነው።

እስቲ ወደ መጀመሪያው ቀን እንመለስ። የእርሻው አዲስ ሕግ የሆኑት ሰባቱ ትእዛዛት ሬንጅ በተቀባው የጎተራ ግድግዳ ላይ በነጭ ቀለም ሲጻፉ መሰላሉ ላይ የወጣው ሌላው የአሳማ መሪ ስኖውቦል ነበር። ከሥሩ ጥቂት ደረጃ ዝቅ ብሎ የቀለሙን ቆርቆሮ የያዘለትስ? ስኩዊለር! ያ ምላሱ ጥቁሩን ነጭ የሚያደርገው አሳማ። ነፃነቱ ገና አንድ ቀን አልሞላውም፤ ቆርቆሮው ግን የሚገባበት ቤት ገብቷል። ስኖውቦል በናፖሊዮን ውሾች ተባረረ፣ ግድግዳው ቀረ፣ ቆርቆሮውም ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሙሉ የዚያ ቆርቆሮ ታሪክ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሳማዎቹ አልጋ ላይ መተኛት ጀመሩ፤ አልጋን በሚከለክለው ትእዛዝ ላይ «አንሶላ ባለው» የሚል ተጨመረ። ገደሉ፤ መግደልን በሚከለክለው ላይ «ያለ ምክንያት» ተጨመረ። ውስኪ ጠጡ፤ እዚህ ላይ ደግሞ እጅ ከፍንጅ ተያዙ። ሌሊት የሆነ ነገር ሲንኮታኮት ተሰማ። እንስሳቱ ሮጠው ሲወጡ ጨረቃዋ ወለል ብላለች፤ መሰላሉ ለሁለት ተሰብሯል፤ ስኩዊለር ተዘርሯል፤ አጠገቡ ፋኖስ፣ ብሩሽና የተደፋ ነጭ ቀለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? ይህን ለማንበብ ፊደል አያስፈልግም። የገባው ግን ቤንጃሚን ብቻ ነው። ገብቶትም አፉን ዘጋ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሙሪየል ትእዛዛቱን ስታነብ መጠጥ የተከለከለው «ከልክ በላይ» ሆኖ አገኘችው። አነበበችው። እኔ ነኝ የረሳሁት ብላ ሄደች።

ይባስ ብሎ ስኩዊለርን ፊት ለፊት የተከራከረው ማን መሰላችሁ? ያው ከአራተኛዋ ፊደል ያላለፈው ቦክሰር። ስኖውቦል ከመጀመሪያውም የጠላት ሰላይ ነበር ሲባል «አላምንም፤ በጦርነቱ በጀግንነት ሲዋጋ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። በመጨረሻ «ጓድ ናፖሊዮን ካለ ልክ ነው» ብሎ መረታቱን አውቃለሁ። ቢሆንም ተከራክሯል። በአራተኛው ቀን ሦስት ውሾች የዘለሉበትም በከንቱ አይደለም። መሃይሙ አፍ አውጥቶ ሲሟገት የተማረው አህያ የት ነበር?

ቤንጃሚን የተናገረው አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ጓደኛው ቦክሰር ለእርድ ሲጫን። ጋሪው ላይ «ፈረስ አራጅና ሙጫ ሠሪ» ተጽፏል። ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም ከጋሪው ኋላ ሮጠ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ስኩዊለር መጣና ጋሪውን የእንስሳት ሐኪም ገዝቶት ነው፣ የድሮውን ጽሑፍ ገና አላጠፋውም አላቸው። እፎይ አሉ! ልብ በሉ፤ ግድግዳው ላይ አዲስ የተጻፈውን «ድሮም እንዲህ ነበር» ይላቸዋል፤ ጋሪው ላይ ያለውን ደግሞ «የድሮ ነው፣ አትዩት» ይላቸዋል። ፊደሉ ዓይናቸው ፊት ነው። ትርጉሙን የሚያድለው ግን እሱ ነው።

ልብ ወለድ ነው ትሉኝ ይሆናል። እንግዲያው እውነተኛውን ልንገራችሁ። የስታሊን የምስጢር ፖሊስ አለቃ የነበረው ቤርያ በተረሸነ ማግስት፣ በ1954 (እ.ኤ.አ.)፣ የታላቁ የሶቭየት ኢንሳይክሎፒዲያ ደንበኞች አዳዲስ ገጾች ደረሷቸው። ስለ ቤርያ የሚናገሩትን ገጾች በመቀስ ወይም በምላጭ ቆርጣችሁ እነዚህን ተኩባቸው ተባሉ። በምትኩ የተላከላቸው ስለ ቤሪንግ ባሕርና እሱን ስለመሳሰሉት ነው። ወፍራም ኢንሳይክሎፒዲያ በደንበኝነት የሚገዛ ሰው መሃይም ነው እንዴ? የምላጩ ትእዛዝ የተላከው ፊደል ለቆጠረው ነው። ያልቆጠረውማ የሚቆርጠው ገጽ የለውም።

ምሁሩ በቤንጃሚን በኩል እንዴት ዝም ብለው እንዳለፉ አይገባኝም። ወይም በደንብ ይገባኛል። ጥፋቱን በግና ዶሮ ላይ መጣል ይቀላል፤ በጎች ሬዲዮ ጣቢያ አይደውሉም።

ለማንኛውም፣ የፈለጉት ንባብ መጨረሻው ላይ አለላቸው። ያረጀችው ባዝራ ክሎቨር ዓይኗ ደክሞ ግድግዳውን እንዲያነብላት ቤንጃሚንን ትለምነዋለች። እሱም ያለማንበብ ደንቡን ጥሶ አነበበላት። ሰባቱ ጠፍተዋል፤ የቀረው አንድ ነው፤ እንስሳት ሁሉ እኩል ናቸው፣ አንዳንዶቹ ግን ከሌሎቹ ይበልጥ እኩል ናቸው። አንድም ቃል ሳይስት ነው ያነበበላት። በማግስቱ ሥራ ሊቆጣጠሩ የወጡት አሳማዎች ሁሉ ጅራፍ ይዘው ነበር።